ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ

ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ፣ ዶዘር ኮረብታውን ገምሶ ባለፈበት ቦታ ሁሉ ያው ግድግዳ ይታያል። ከላይ ገና ያልበሰበሰ ቅጠል፤ ከሥሩ አንድ ስንዝር፣ ቢበዛ ሁለት ስንዝር የሚሆን ጠቆር ያለ አፈር፤ ከዚያ በታች ቀይ ብቻ። ቀዩ ሁለት ሜትር ይወርዳል፣ ሦስት ሜትር ይወርዳል፣ ዶዘሩ እስካቆመበት ድረስ ያለ ድንጋይ ይወርዳል። ጥቁሩ የት ላይ አልቆ ቀዩ የት ላይ እንደጀመረ ጣት አስቀምጦ ለመናገር ያስቸግራል። ከግድግዳው ጓል ፈልቅቆ በሁለት ጣቱ ጫን ያደረገ ሰው፣ ጓሉ ዱቄት ሆኖ በመበተን ፈንታ ማዕዘን ማዕዘን ባላቸው ትናንሽ ፍሬዎች ሲሰባበር ያያል፤ የፍሬዎቹም ገጽ ሰም የተቀባ ያህል ያብረቀርቃል። የአፈር ሊቃውንት ይህን ዓይነቱን አፈር ኒቲሶል ይሉታል። መለያዎቹም እነዚሁ ናቸው፤ ጥልቀቱ፣ ከመቶ ከ30 እጅ በላይ ሸክላ መሆኑ፣ በፍሬ በፍሬ መሰባበሩና ማብረቅረቁ።

ከእርሻው ድንጋይ ሲለቅም ያደገ የሰሜን ገበሬ በዚህ ግድግዳ ፊት ቢቆም የሚለውን መገመት አይከብድም፤ “ይህን አፈር ይዞ ማን ይራባል?” ጥያቄው የአንድ ገበሬ ብቻ አይደለም። የመሬት ሕጋችን፣ የሰፈራ ፖሊሲያችንና የእርሻ ልማት ዕቅዳችን ለብዙ ዘመን የተመሠረቱት በዚሁ ግምት ላይ ነው፤ አፈሩ ሀብታም ነው፣ ጫካው ግን ሀብቱን ሸፍኖ ተኝቶበታል በሚል። ግምቱ ትክክል መሆን አለመሆኑን ለማወቅ አፈሩ ሀብቱን ከየት እንዳመጣውና የት እንዳስቀመጠው መጠየቅ ይገባል።

መነሻው እሳት ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊትና ከዚያም ቀደም ብሎ ከምድር ውስጥ የፈሰሰው ቅልጥ ዐለት ሰሜኑንም ደቡብ ምዕራቡንም አልብሷል፤ በዚህ በኩል በጥቁሩ ባዛልት ላይ ነጣ ያሉ የእሳተ ገሞራ ድንጋዮችና የረጋ አመድ ተደራርበዋል። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ የዝናብ ታሪክ ነው። አገሩ በዓመት ከ1,500 እስከ 2,000 ሚሊ ሜትር፣ ከፍ ባለው ቦታ ከዚያም በላይ የሚዘንብበት፣ ክረምቱ መቼ ገብቶ መቼ እንደወጣ የሚያከራክርበት ነው። ውሃው በድንጋዩ ውስጥ የሚሟሟውን ሁሉ፣ ካልሲየሙን፣ ማግኒዚየሙን፣ ፖታሲየሙን፣ ሲሊካውን ሳይቀር፣ ቀስ እያለ አወጣና በአኮቦና በባሮ፣ ከዚያም በሶባት አድርጎ ወደ ነጭ ዓባይ ሸኘው። በቀላሉ የማይሟሟው ብረትና አሉሚኒየም ቀረ። ቀዩ ቀለም የዚያ ብረት ዝገት ነው። ዓይናችን ሀብት ነው ብሎ የሚያነበው ቀለም፣ ብዙው ሀብት ከሄደ በኋላ የቀረው ነው ማለት ነው።

የእሳተ ገሞራ አፈር በወጣትነቱ እንዲህ አይደለም። በስምጥ ሸለቆ፣ በባቱና በሻላ አካባቢ መሬቱን ትንሽ ቢቆፍሩት ብሎኬት አምራቾች የሚፈልጉት ቀላል የፓሚስ ጠጠርና ግራጫ አመድ ይወጣል፤ በቢሾፍቱ ዙሪያ ደግሞ ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉት ጉብታ ጉብታ ሆኖ ተከምሯል። ዝናብ በሚበዛበት ደን ውስጥ እንዲህ ያለ አመድ ሲበሰብስ አንዶሶል የተባለው አፈር ይሆናል፤ ጥቁር ነው፣ ቀላል ነው፣ አንድ ሊትሩ ደርቆ ሲመዘን 900 ግራም እንኳ አይሞላም፣ ውሃንም ብስባሽንም አጥብቆ ይይዛል። ጃፓኖች፣ ኮስታሪካዎችና ፓናማዎች በደንብ ያውቁታል። ምግቡ የሚመጣው ከሥሩ ነው። ገና ያልደቀቀው ማዕድን በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየፈረሰ ተክሉን ይቀልባል። የሚዛንና የቴፒ አፈር ይህን ዕድሜ ካለፈ ቆይቷል።

አፈር ሲያረጅ ምን እንደሚሆን አጥርቶ ያሳየው የሃዋይ ደሴቶች ጥናት ነው። ደሴቶቹ ከባሕር የወጡት በየተራቸው በመሆኑ፣ ዝናቡና ሙቀቱ ተቀራራቢ በሆነባቸው ቦታዎች ላይ ዕድሜው 300 ዓመት ከሆነ መሬት ተነስቶ 4.1 ሚሊዮን ዓመት እስከሆነው ድረስ ማነጻጸር ይቻላል። ፒተር ቪቱሴክና ባልደረቦቹ ይህንኑ አደረጉ። በወጣቱ መሬት ላይ ዛፉ የሚቸግረው ናይትሮጅን ነው፤ ድንጋዩ ፎስፈረስ እንጂ ናይትሮጅን አያቀብልምና። በመካከለኛው ዕድሜ ሁሉም ይሟላል። በሽማግሌው ላይ ግን ከድንጋዩ የሚመጣው ምግብ ይነጥፋል፤ ከፎስፈረሱ የተረፈውንም ብረትና አሉሚኒየም አንቀው ይይዙታል። ታዲያ በዚያ ዕድሜ ላይ የቆመው ደን በምን ይኖራል? ከመልሱ አንዱ ክፍል ሰውን አስገርሟል፤ ከመካከለኛው እስያ በነፋስ ተጭኖ ውቅያኖስ አቋርጦ የሚመጣ አቧራ ፎስፈረስ ያቀብለዋል። አንድ ዛፍ ሥሩን የሰደደበት መሬትና የሚኖርበት መሬት ሁልጊዜ አንድ እንዳልሆኑ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

የእኛው ቀይ አፈር የሃዋይን ሽማግሌ ያህል አልደከመም። ኒቲሶል ከሐሩር አገር አፈሮች መካከል ከደጎቹ የሚመደብ ነው፤ ጥልቀቱ በበጋ ውሃ ያቆያል፣ ለሥር አይከለክልም፣ ክረምት ሲበረታም ውሃ አያቁርም። የእርጅና ምልክቶቹ ግን አሉበት። አሲዳማ ነው፤ ፎስፈረስ ከመስጠትም ይሰስታል። ስለዚህ በዚያ የመንገድ ዳር ግድግዳ ላይ ሁለት የተለያዩ መልካም ነገሮች አሉ፤ አንዱን ከሌላው ጋር መጨፍለቅ የብዙ ስሕተት ምንጭ ነው። አንዱ የአፈሩ አካል ነው፦ ጥልቀቱ፣ አወቃቀሩ፣ ውሃ አያያዙ። ይህን የሠራው ጊዜ ነው፣ ማንም አልደከመበትም፣ በአንድ ሰው ዕድሜም በቀላሉ አይጠፋም። ሌላው በላይኛዋ ስንዝር ውስጥ የሚካሄደው ነገር ነው። ይህኛው በየዓመቱ ይሠራል፣ በየዓመቱ ይበላል፣ ሠሪዎቹ ከተበተኑ ደግሞ አንድ ትውልድ ሳይሞላ ያልቃል። ጥልቀቱ ዓይን ስለሚሞላ ሁለተኛውን እንዳናይ ያደርገናል።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1930ዎቹ ዓ.ም. የወጡት የመሬት ግብር አዋጆች መሬትን በሦስት ደረጃ ከፈሉት፤ ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ። ክፍፍሉ አዲስ አልነበረም፤ ገበሬውም ጭቃ ሹሙም ቀድሞ የሚያውቀው ነው። በተግባር ሲታይ ለም የታረሰና ሰው የሰፈረበት መሬት ነው፤ ለም ጠፍ በመካከል ያለው ነው፤ ጠፍ ደግሞ ያልታረሰው፣ ባዶ ነው ተብሎ የሚታሰበው። ቀላድ ተጥሎ መሬቱ በጋሻ፣ ማለትም በ40 ሄክታር ገደማ እየተሰፈረ ሲመዘገብ፣ ጫካው ከጠፍ ይወድቃል። የግብር መዝገብ የሚያየው የሚከፈልበትን ነውና በዚህ አይወቀስም። የሚገርመው ሐሳቡ ከአዋጁ በላይ መኖሩ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ንብረት ያደረገው አዋጅ የመሬቱን ባለቤት ለወጠ፤ መሬት ምንድን ነው የሚለውን ጥያቄ ግን ሳይነካው አለፈ። “መሬት ላራሹ” ብሎ አደባባይ የወጣው ትውልድ እንኳ መብትን ያሰረው በማረስ ላይ ነው። ጭሰኛውን ነፃ ለማውጣት ትክክለኛው ቃል ነበር፤ አልከራከርም። ነገር ግን ቀፎ ሰቅሎ፣ ኮረሪማ ለቅሞ፣ ከጫካ ቡና ተካፍሎ የሚኖር የደቡብ ምዕራብ ሰው በመፈክሩ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። አላረሰማ።

አፈሩ ራሱ ቢጠየቅ ደረጃውን ገልብጦ ያነበዋል። በሸኮ ወይም በቤንች የቡና ደን ውስጥ አንድ ቦታ መርጦ በጉልበት መንበርከክና መሬቱን በእጅ መግለጥ ይበቃል። ከላይ ቀረሮና ዋንዛ፣ ሰሳና ብርብራ አሉ፤ ከእነሱ ሥር ቡናው፤ ከቡናው ሥር ኮረሪማው። መጀመሪያ የሚነሳው ቅጠል ደረቅ ነው፣ የማን እንደሆነ ይለያል። ሁለተኛው ረጥቦ ተጣብቋል፣ ሥጋው ተበልቶ ሥራ ሥሩ ብቻ የቀረ ነው። ከዚያ በታች ቅጠል ነው አፈር ነው ለማለት የማይቻል ነገር አለ፣ በውስጡም ነጫጭ የፈንገስ ክሮች ወዲህና ወዲያ ተዘርግተዋል። የቡናው ቀጫጭን ሥሮች አብዛኞቹ እዚሁ፣ ከላይ ባሉት ሠላሳ ሴንቲ ሜትሮች ውስጥ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ወደ ታች መሄዱን ትተው ወደ ላይ፣ ወደሚበሰብሰው ቅጠል ሽቅብ ይወጣሉ። ከሥራቸው ሜትሮች የሚዘልቅ ቀይ አፈር እያለ ምግብ ፍለጋ ወደ ላይ የሚሄድ ሥር ማየት፣ ስለዚህ መሬት ከተጻፈው ብዙ ነገር በላይ ያስረዳል።

ሰሳና ብርብራ ከአየር ናይትሮጅን በሥራቸው ላይ ባሉ ረቂቅ ሕዋሳት አማካይነት ይስባሉ። ፈንገሶቹ ብረቱ ያነቀውን ፎስፈረስ ፈልቅቀው ለሥሩ ያቀብላሉ፤ ከሥሩ በምላሹ ስኳር ይቀበላሉ። ዝናቡ ወደ ጥልቁ ሊያወርደው የነበረውን ፖታሲየምና ካልሲየም የትላልቆቹ ዛፎች ሥሮች መንገድ ላይ ይይዙትና በቅጠል አድርገው ከላይ ይጥሉታል። አንድ የፖታሲየም ቅንጣት ስንት ጊዜ ቅጠል ሆና ስንት ጊዜ እንደ ወደቀች የሚቆጥር የለም። ወንዝ ዳር እስክትደርስ ድረስ ግን የደኑ ናት።

እንግዲህ ለምነቱ የማን ነው? የአፈሩ ነው የሚል ቅጠሉን ይከልክለውና ይየው። የዛፉ ነው የሚልም አፈሩን ነቅሎ ዛፉን በአየር ላይ ያቁመው። የሁለቱም ነው ማለት ደግሞ ቀላል ማምለጫ ነው፤ ሁለት ባለጸጎች ሀብታቸውን ያዋጡ ያስመስለዋል። ለየብቻ ሲመረመሩ ሁለቱም ድሆች ናቸው፤ ቀዩ አፈር የሚሰጠው ጥቂት ነው፣ ዛፉም ከራሱ የሚያመጣው ጥቂት ነው። ሀብቱ ያለው በመሰጣጣቱ ውስጥ ነው። መሰጣጣቱ ሲቆም ሀብቱ ከአንዱ ወደ አንዱ አይዞርም፣ ወደ ሌላ ቦታም አይሄድም፤ አይኖርም። አርስቶትል ነገሮች ያላቸውን ዝምድና ከመኖር ዓይነቶች ሁሉ ደካማው አድርጎ ይቆጥረው ነበር፤ መጀመሪያ በራሱ የቆመ ነገር አለ፣ ዝምድና ኋላ የሚደረብ ነው ብሎ። ብዙዎቻችንም ሳናነበው እንዲሁ እናስባለን። “ለም መሬት” ስንል ለምነትን እንደ ቀለም በመሬቱ ላይ የተለጠፈ ባሕርይ እናደርገዋለን። የቡናው ደን ላይ ግን ዝምድናው ቀድሞ ይገኛል፤ ባሕርይ የምንለው ነገር ከእሱ የሚተርፈው ነው።

ይህ የሐሳብ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል፣ ከሚዛን ብዙ ሳይርቅ በጋቸብ ወንዝ ተፋሰስ የተደረገ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ የተፈጥሮ ደንን፣ ቡናና ዛፍ ቅልቅል የሆነውን ባህላዊ የጓሮ እርሻና ደኑ ተመንጥሮ የታረሰውን ማሳ አነጻጸሩ። ቅልቅሉ እርሻ ከደኑ ብዙም አልራቀም፤ የታረሰው ማሳ ግን በካርቦንም በናይትሮጅንም በግልጽ ወረደ። ከፍ ብሎ በከፋ ውሽውሽ የተደረገው ሌላ ጥናት ደግሞ 25 ዓመት ገደማ የታረሰ መሬት በደን ውስጥ ሳለ ከነበረው ካርቦን ከግማሽ በላይ ማጣቱን አሳይቷል። አካሉ እዚያው ነው፤ ቀዩ ግድግዳ አንድ ስንዝር አልቀነሰም። እህሉ ግን አካሉን አይበላም።

አሳሳቹ ነገር የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ናቸው። ደን ተመንጥሮ ሲቃጠል አመዱ አሲዱን ለጊዜው ያበርደዋል፣ ብስባሹም ገና አላለቀም፤ በቆሎው ሰው አክሎ ይቆማል። መንጣሪው አፈሩን አመስግኖ ይሰበስባል። የሚሰበስበው የደኑን ቁጠባ መሆኑ የሚገለጠው ቆይቶ፣ ዘለላው ሲያጥርና ቅጠሉ ሲወይብ ነው። ከዚያ ማዳበሪያ ይመጣል፤ ከማዳበሪያው ፎስፈረስ ትልቁን ድርሻ ያው ብረት አንቆ ይቀበለዋል። ከዚያ ኖራ ይመጣል። ከአገሪቱ የሚታረስ መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በአሲዳማነት መጠቃቱ በግብርና ባለሙያዎች ዘንድ ሲነገር የቆየ ነው፤ ምዕራቡና ደቡብ ምዕራቡ ከባሰባቸው ወገን ናቸው። ለአንድ ሄክታር የሚያስፈልገው ኖራ በአሥር ኩንታሎች የሚቆጠር በመሆኑ ጭነቱ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ቅጠል ያለ ዋጋ ሲያመጣው የነበረውን ካልሲየም በአይሱዙ መጫን! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ከከተማ ሆኖ የሚጽፍ ሰው ቆም ማለት አለበት። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ድርቅ ከመታቸው የሰሜን አካባቢዎች 600,000 ገደማ ሰዎች ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲጓዙ፣ ብዙዎቹ ወደውና ፈቅደው አልነበረም፤ መሬቱንም ጫካውንም የመረጠላቸው ሌላ ነው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ሌላ ሰፈራ ተከተለ። የሰፋሪው ዓይን ከወሎ የመጣ ዓይን ነው፤ አፈር ሲያልቅ ያየ፣ ስለዚህም ጥልቅ አፈር ሲያይ የሚያምን። ልጁ የሚበላው በቆሎ እንጂ የካርቦን መጠን አይደለም። ደኑን በመመንጠሩ ወንጀለኛ ነው ብሎ ለመፍረድ የሚቸኩል ሰው፣ ያ ሰው ሌላ ምን ምርጫ ተሰጥቶት እንደነበር አብሮ ይናገር። ከእሱ በፊትም፣ ከእሱ ጎንም፣ በሺህ ሄክታሮች የሚቆጠር ደን በሕግ ተፈቅዶ ለሰፋፊ እርሻ ሲሰጥ ቆይቷል፤ ሰፋሪው ሲከሰስ ያ አብሮ አይነሳም።

አፈሩን በትክክል ያነበቡ ሰዎች ግን እዚሁ ነበሩ። ማጃንጎች በቴፒና በጎደሬ በኩል ትንሽ መንጥረው፣ ጥቂት ዓመት ዘርተው፣ መሬቱን ለደኑ መልሰው ይሄዱ ነበር፤ ዋናው ሀብታቸው ዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ ነበር። ይህን ኋላ ቀርነት ብሎ ያልጻፈ ሹም ጥቂት ነው። በሸካ ደግሞ ኮቦ የሚባል ሥርዓት አለ፤ አንድ ቤተሰብ በተከለለ የደን ክፍል ውስጥ ቀፎ የመስቀልና ማሩን የመቁረጥ መብት አለው፣ ጎረቤቱም ያን ያከብርለታል። የሚወረሰው ከዛፉና ከአበባው ጋር የተያዘው ጉዳይ እንጂ ሊገለበጥ የሚችል መሬት አይደለም። ከቀላድ ሥርዓት ጋር ሲተያይ ልዩነቱ የአስተዳደር ብቻ አይመስለኝም፤ የሚቆጠረው ነገር ራሱ ሌላ ነው። አንዱ ስፋትን ይቆጥራል፤ ሌላው የሚደጋገም ነገርን፣ በየዓመቱ የሚመለሰውን አበባ። ዩኔስኮ የከፋን ደን በ2010፣ የሸካን በ2012፣ የማጃንግን በ2017 እ.ኤ.አ. በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ሲመዘግብ፣ የመዘገበው በእንዲህ ዓይነት አሠራር የተረፈውን ነው። ማጃንጎቹ እንደ ድሮው ትተውት የሚሄዱበት መሬት ግን አሁን ሌላ ሰው ይዞታል። ኮቦውም ቡናው ሲወደድ መልኩን እየቀየረ ነው፤ ማር የሚቆረጥበት ደን ውስጥ ቡና ይተከላል፣ ለቡናው ብርሃን ተብሎ ዛፉ ይሳሳል።

ቡና ካነሳን፣ ገዢዎች የሚወዱት አንድ አባባል አለ፤ ጣዕሙ ከአፈሩ ነው ይላሉ። ይህን አባባል የሚፈትን ታሪክ ከዚሁ አካባቢ ወጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ጌሻ በሚል ስም ከሚታወቀው አካባቢ የተለቀመ የቡና ዘር በእንግሊዝ ቆንስላ በኩል ወደ ኬንያና ታንጋኒካ ሄደ። በ1953 ኮስታሪካ ከሚገኘው የቱሪያልባ የምርምር ማዕከል ደረሰ፤ ከዚያም በ1960ዎቹ ወደ ፓናማ ተሻገረ። የተፈለገው ለጣዕሙ ሳይሆን የቅጠል ዋግን ይቋቋማል ተብሎ ነው። ምርቱ ጥቂት ስለሆነ ብዙም አልተወደደም። በ2004 ሃሲየንዳ ላ ኤስሜራልዳ የተባለው እርሻ ይህንኑ ቡና ለብቻው ለይቶ ለፓናማ ውድድር አቀረበው፤ አንደኛ ወጣ፣ በጨረታም አንዱ ፓውንድ 21 ዶላር አወጣ፤ ያኔ ያልተሰማ ዋጋ ነበር። እርሻው ያለው በባሩ እሳተ ገሞራ ተዳፋት ላይ ነው፤ ባሩ ለመጨረሻ ጊዜ ከፈነዳ ገና ጥቂት መቶ ዓመታት ቢሆነው ነው። አፈሩ ያ ወጣት፣ ጥቁር፣ ቀላል አፈር ነው። እንግዲህ የጌሻ ጣዕም የየትኛው አፈር ነው? በሽማግሌ ቀይ አፈር ላይ ለሺህ ዓመታት ሲወለድ የኖረው ዘር፣ በወጣት አመድ ላይ ተተክሎ፣ በከፍታው ብርድ ፍሬው ቀስ ብሎ በስሎ፣ በጥንቃቄ ታጥቦ ስም አገኘ። ከእነዚህ አንዱን ቢያወጡት ያ ሲኒ አይገኝም። ገበያው ግን ለአንዱ ሰጠው፤ በከረጢቱ ላይ የሚጻፈው የእርሻው ስም ነውና ክፍያውም ወደዚያው ይሄዳል።

መሰጣጣት ሲባል ሁልጊዜ መልካም ነገር ብቻ እንደሚሰጣጡ አድርጎ ማሰብ ደግሞ ሌላው የጸሐፊዎች ድክመት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ኢትዮጵያ ውስጥ እግራቸው ያበጠ ገበሬዎች የሚኖሩበትን ቦታ ካርታ ላይ ሲያሰፍር፣ ካርታው ከቀዩ የእሳተ ገሞራ አፈር ካርታ ጋር ገጠመ። በሽታው በብዙ አገሮች እንዲህ ያለ እብጠት ከሚያመጣው፣ በትንኝ ከሚተላለፈው ትል የመጣ አልነበረም። ዝናብ የበዛበት፣ ከፍ ያለ፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ ሸክላ ያለበት አገርና በባዶ እግሩ የሚያርስ ሰው ሲገናኙ የሚመጣ ነው። ፕራይስ፣ አፈሩ ይቅለለውና፣ ከበሽተኞች ንፍፊት በወሰደው ናሙና ውስጥ የሲሊካና የአሉሚኒየም ደቃቅ ቅንጣቶች አገኘ። ስሙንም ፖዶኮኒዮሲስ አለው። በኢትዮጵያ 1.5 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች ከዚህ በሽታ ጋር እንደሚኖሩ ይገመታል።

ሸክላው ውሃንና ምግብን ለቡናው ሥር የሚይዝለት ደቃቅ ስለሆነ ነው፤ በእግር ቆዳ በኩል ሾልኮ የሚገባውም ደቃቅ ስለሆነ ነው። አፈሩ ሁለት ባሕርይ የለውም፤ የሚገናኘው ነገር ይለያያል። ደግሞም አብረው ከሚያርሱ ሁለት ጎረቤታሞች አንዱ ያብጣል፣ አንዱ አያብጥም። ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ በ2012 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የሰውነትን መከላከያ ከሚመሩ ጂኖች ጋር የተያያዘ ተጋላጭነት አሳይተዋል። ለዘመናት በእርግማን፣ በመጠቋቆምና ከጋብቻ በመገለል የተተረጎመው ነገር፣ የአንድ ዓይነት አፈርና የአንድ ዓይነት ሰውነት መገናኘት ሆኖ ተገኘ። ለምነትን አፈሩ ውስጥ ብቻ ሲፈልጉ እንደማይገኝ ሁሉ፣ በሽታውም አፈሩ ውስጥ ብቻ ቢፈለግ አይገኝም።

የሚከላከለው ነገር ከዚህ ሁሉ ምርምር ጋር ሲታይ ቀላል ነው፤ ጫማ፣ ሳሙና፣ ውሃ። የታመመውም እግሩን በየቀኑ ሲታጠብ፣ ቅባት ሲቀባ፣ በፋሻ ሲጠቀልልና ሽፍን ጫማ ሲያደርግ እብጠቱ ይጎድላል። ስለ አፈር ቅርበት የምንጽፍ ሰዎች ሁላችንም የምንጽፈው ጫማ አድርገን ነው። በቤንችና በሸካ የገበያ ቀን የሚሸጠው ኮንጎ ጫማ እግር ቢያልብም ባዶ ከመሄድ ይሻላል፤ የተሟላ መከላከያ የሚሆነው ግን ካልሲ የተጨመረበት ሽፍን ጫማ ነው። የዚያ ገንዘብ ለብዙው ቤተሰብ የሚመጣው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው የቡና ለቀማ ነው፤ ለቀማው ደግሞ የሚካሄደው ቅጠሉ በረጠበበት፣ ቀዩ ጭቃ ገና ባልደረቀበት ወቅት ነው፣ በባዶ እግሩ የሚወጣም አሁንም አለ።